አይደንግጡ

የምስጋና በዓል ነው፤ ዱሉዝ በረዶ ተከናንባ ተኝታለች፣
የእኛ ቢሮ ብቻ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሳይነጋ መብራት አብርታለች።
ስድስት ሴቶች፣ ስድስት ስልክ፣ መሐላችን አንድ የብስኩት ሳህን፤
ሥራችን ይኸው ነው፦ ተርኪ ላስጨነቀው ሁሉ መልስ መሆን።
ማርሊስ እባላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በዚሁ ወንበር፣
«አይደንግጡ» ስል ኖርኩ፤ ሌላ ቃል ያለኝም አይመስለኝ ነበር።

ገና ጆሮዬን ሳላሟሽ አንዱ ደወለ፣ ድምፁ የታፈነ፦
«እንደ ድንጋይ ደርቆብኝ ሳውና ውስጥ አስገባሁት፤ ጥፋት ሆነ?»
«ሳውና?» አልኩ። «አዎ፤ ታችኛው አግዳሚ ላይ፣ ፎጣ ደርቤለት፤
አማቴ ግን ‹ወይ እኔ ወይ እሱ!› ብላ በሩን ወረወረችበት።»
«አይደንግጡ፣ አቶ ቶይቮ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩ።»
«ማንን?» አለኝ።
«ተርኪውን ነዋ! ውሃውንም በየግማሽ ሰዓቱ ይቀይሩ።»

አንዲት ሙሽራ፣ ሳግ እየተናነቃት፦ «ሆዱ ውስጥ ፖስታ አለ፤ ለማን ነው የተጻፈው?»
«ጉበቱና አንገቱ ነው፣ ልጄ፤ ሻጩ ነው በወረቀት የጠቀለለው።»
«ካወጡበት በኋላ ለምን መለሱለት?» አለች፣ ከልቧ አዝና፤
ይህን ማን ያስረዳል? ዝም አልኩ፣ አንድ ብስኩት አነሣሁና።

«ደረቱ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች?» ይህችኛዋ ባሏን ጋራዥ ያሳደረች ናት፤
«በሁለቱም ይበስላል» ብላት፣ «ታዲያ ማን ተሸነፈ?» አለች፤ ዳኝነቴ ቅር አሰኛት።
ኦርቪል የሚባል ደግሞ፦ «ምድጃዬ ጠበበ፤ በሩን በገመድ አሰርኩት፤
አንድ እግሩ ውጭ ቀርቷል፤ እንግዶቼ ኮት ሰቀሉበት።»

«ቴርሞሜትሩን ብብቱ ሥር አድርጌ አምስት ደቂቃ ቆጠርኩ፤
ትኩሳት የለውም» ይላል ጡረታ የወጣ ሐኪም። «ታፋው ላይ ይውጉት» አልኩ።
«አያመውም?» አለኝ።
የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

ከቀትር በኋላ ሹክሹክታ መጣ፤ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፦
«ምድጃውን ያጠፋ ሰው ቢኖር... እናቱ ስንት ሰዓት ቆይታ ነው የምታውቀው?»
«ስሙን ማን አልሽው?» አልኳት። ቆየች። ከዚያ፦ «በርናርድ።»
መመሪያችን አርባ ገጽ ነው፤ ስለ በርናርድ ግን መስመር የለም፣ አንድ።
«እናትሽን አቅርቢልኝ» ማለት ነበረብኝ። «ድንቹም ይጣፍጣል» አልኳት፤
«ድንች ስም የለውም፣ አይደል?» ብላ ዘጋችው፣ ስሟን ሳልጠይቃት።

ማታ ቤቴ ስደርስ እህቴ፣ ባሏ፣ አራት ልጆቻቸው በር ላይ ቆመው፤
የራሴው ተርኪ፣ ፍሪጁ ጠቦት፣ ከትናንት ጀምሮ ሰገነት ላይ ነው።
በረዶ ከብረቱ ጋር አጣብቆታል። የፈላ ውሃ ደፋሁበት፤
ጎተትኩ፣ ገፋሁ፣ ሰደብኩ፣ በመጨረሻም በጉልበቴ አልኩት።
ተርኪ አይበርም ያለ ይምጣና ይይ! ከሦስተኛ ፎቅ፣ ክንፉን ሳይዘረጋ፣
የጎረቤቴ የዴልበርት መኪና ላይ አረፈ፤
ማንቂያው ጮኸ፣ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ነጋ።

ጣቴ ከልማድ ስልኩን አነሣ፤ መታሁት ያንኑ ቁጥር፤
ጠራ፣ ጠራ፣ አንዲት ሴት ተቀበለችኝ፤ የረጋች፣ ሁሉን የምታውቅ ነገር፦
«ቢሮአችን ተዘግቷል፤ ነገ ይደውሉ። እስከዚያው አይደንግጡ» አለችኝ።
እኔው ነኝ። አምና የቀዳሁት። ምን ያለች ውሸታም ናት! ደግሞ እኮ አሳመነችኝ።

ኮቴን ሳላወልቅ ድንች መላጥ ጀመርኩ፣
ስም ያልወጣለትን።