የበቆሎ ሾርባ

ያባት ጀልባ ቢሸጥ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ
ሄስተርና ወንድሟ ቃል አልተባባሉ።

ዛሬ የሜይን ጉም ወደቡን ሲያለብሰው፣
ጆንያ ሙሉ እሸት ደጇ ያደረሰው
ማን እንደሆን አውቃ፣ አልጠየቀችም ሰው።

ፍሬውን በቢላ ከላዩ ገፈፈች፤
ቆረቆንዳ ሰብራ ወተት ውስጥ ዘፈዘፈች፣
«ጣዕሙ እዚህ ነው» እያለች፣ ለራሷ።

ያሳማ ስብ ጠብሳ፣ ሽንኩርት ጨምራበት፣
ድንቹን እንደ ጠጠር፣ ፍሬውን፣ ያን ወተት
አንድ ላይ ጣደቻቸው፤ ተንተከተከ ቤት።

ማምሻውን መጣ ኤልዉድ፣ ቦቲው ጨው ለብሶ፤
ወንበሩን ጎትቶ፣ ሁለቴ ቀምሶ፣
«ጨው ያንሰዋል» አለ።

የጨዉን ብልቃጥ ገፋ አድርጋ ሰጠችው፤
የሚለው እንዳያጣ
ሆን ብላ ነበር ያስቀረችው።