መብራት አልጠፋም

ዜስታፎኒ። የጥር በረዶ። ማቅለጫው እሳቱን ካጠፋ ሁለት ዓመቱ፤
ሃያ ሰባት ነን፣ በካፖርት፤ ጓንት ያለው ይጽፋል፣ የሌለው በብብቱ
ጣቱን ያሞቃል።
መምህርት ላማራ ከቁም ሣጥኑ ጠርሙስ አነሣች፤ ወደ መስኮቱ ያዘችው፤
«ፌኖልፍታሊን አልቋል» አለች፤ ገለበጠችው፣ አራገፈችው።
«ቀለም አይተን የምንለየው የለም፤ እንግዲህ ኤሌክትሪኩን እንጠይቀው።»

የቫዣ አባት ከቆመ የጭነት መኪና የነቀለው ባትሪ
ጠረጴዛው ላይ ተጎልቷል፣ እንደ ዘገየ ተማሪ።
አሲዱም ከሌላ፣ ከሞተ ባትሪ ሆድ የተቀዳ ነው፤
«አሲድ ወደ ውሃ ይሄዳል» አለች ስታቀጥነው፤
«ውሃ ወደ አሲድ ከሄደ፣ ፊታችሁ ላይ ነው የምናገኘው።»

ከባትሪ ድንጋይ የተፈለቀቁ ሁለት የከሰል ዘንጎች
በባሪየሙ ቢከር ውስጥ ቆመዋል፣ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች፣
ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ።
አምፖሏ የብስክሌት ናት። በራች።
በዚያ ሳምንት በሰፈራችን የበራች እሷ ብቻ ነበረች።

ቫዣ የቡሬቱን ቧንቧ ያዘ፤ ኤቴሪ እስክሪብቶዋን በትንፋሿ አሞቀች፤
የኔ ሥራ ማንበብ ነው፤ ጉልበቴን ሸብረክ፣ ዓይኔን ከመስመሩ እኩል።
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።
«አምስት!» ነጭ ደመና ወረደ። «አስር!» ደመናው ወፈረ፤
በተሰነጠቀው መስታወት ሥር የአምፔር መለኪያው ቀስት ዞረ።
«ሃያ!» ክሩ ቀላ፣ እንደ ፍም ዳር ዳሩን ጠቆረ።
«ሃያ አንድ ነጥብ ስምንት» ስል፣
ጨለማ።
«ኤጭ! ደግሞ መብራት ጠፋ!» አለ ከኋላ አንዱ።
ሳቅን፤ ለምደነዋል።
«መብራት አልጠፋም» አለች ላማራ፤
«መብራትማ ከማክሰኞ ጀምሮ የለም። ይሄ ሌላ ነው።»

«ውሃ ብቻውን ሰነፍ ነው፤ ሸክም አይወድም፤
የሚያሻግሩት አዮኖቹ ናቸው። ሃይድሮጅንን በሩጫ የሚቀድም
የለም፤ ሃይድሮክሳይድ ይከተለዋል።
ሲገናኙ ግን ውሃ ናቸው፤ ሩጫው እዚያ ያበቃል።
ባሪየምና ሰልፌትም ተቃቅፈው እንደ ዱቄት ይዘቅጣሉ።
ታዲያ ማን ይሸከም? ቫዣ፣ ጨምር።»
ጠብ። ሃያ ሁለት። ጠብ። ሃያ ሦስት።
ሃያ አራት ተኩል ላይ ክሩ እንደገና ቀላ።
«አሁን የሚሸከመው ትርፉ ነው» አለች። «ያልተጋበዘው አሲድ።»

ኤቴሪ ነጥቦቹን አሰፈረች፤ አንዱ መስመር ቁልቁል፣ አንዱ ሽቅብ፤
የተገናኙት ሃያ ሦስት ነጥብ አንድ ላይ ነው።
«አይደለም!» አልኩ፤ «ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ!»
«አንተ ያየኸው አምፖሉን ነው፤ አምፖል ቀድሞ ተስፋ ይቆርጣል» አለች።
«ትክክለኛዋን ጠብታ ማንም አያያትም፣ ጌላ።
ከወዲህ ታሰምራለህ፣ ከወዲያ ታሰምራለህ፤
የት እንደሆነች መስመሮቹ ይነግሩሃል።»
ከዚያ ቢከሩን ደፋችው፤ ነጩ ዝቃጭ ግን ታቹ ላይ ቀረ፣
በብሩሽ፣ በጣት ቢፈተግ እምቢ አለ።

በዚያ ወር ቤታችን ጠብ አልነበረም።
አባቴና እናቴ ድምፅ አያሰሙም፤
ታረቁ ብዬ ነበር።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት መጣ።
ማጥፋት የረሳነው ሁሉ ባንዴ በራ፤ ሬዲዮው ጮኸ፤
ላጠፋፋ ስሮጥ ወጥ ቤት፣ አግዳሚው ላይ፣ አባቴ፤
በካፖርቱ፤ ጫማው ከሥሩ፣ ጎን ለጎን፤
ትራሱ ከመኝታ ቤቱ የመጣ፣ የእናቴ ጥልፍ ያለበት።
ጉድጓዱን አየሁ፤ ጭንቅላቱ ያረፈበትን፤
የአንድ ሌሊት አልነበረም።
«አጥፋው» አለ፣ ዓይኑን በክንዱ ሸፍኖ።
እጄን ማጥፊያው ላይ እንዳደረግሁ ቆየሁ፤
ከአግዳሚው ወዲህ፣ ከእናቴ በር ወዲያ፣
መስመር እያሰመርኩ።