ልክ

ሻርጃ ላይ ሐምሌ ነው፤ ሌሊቱም አይበርድም፣
ፎቅ ላይ ኤሲው ያጓራል፣ እኔ ጋ ግን አይደርስም።
ከደረጃው በታች፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣
ፍራሽ የምትችል ጥግ ሰጥተውኛል፤ እሷን
ክፍሌ እላታለሁ።

ታብሌቱ የሱልጣን፣ የታናሹ፣ ትራፊ፤
ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ጀርባው ላይ የሻርክ ተለጣፊ።
«ውሰጂው» ያለኝ ነው አዲስ ሲገዛለት፤
ቻርጀሩንማ ጥሎታል፣ የት እንደሆን እንጃለት።

አራት ፐርሰንት ቀረው።
ውስጡ የልብስ ቅድ ነው፦ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ አንገት፣
የሰው ዋይፋይ ለምኜ ያጠራቀምኩት ትምህርት።
ሌሊት ሌሊት እያየሁ፣ በሳሙና እያሰመርኩ፣
በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ስንት ቀሚስ ቆረጥኩ።

ኩሽና ባንኮኒው ላይ የመይሳ ቻርጀር አለ፣
የላፕቶፕ፤ ጡብ ያህላል፣ ገመዱ የተጠቀለለ።
ጫፉን ሳስተያየው ለታብሌቱ ቀዳዳ ልክ ነው፤
ገልብጬ ሳነበው ግን እጄን ፍርሃት ያዘው፦
ስልሳ አምስት ዋት።
የጠፋው የራሱ አስር ነበር።

ዘሃራ፣ የጎረቤት ቪላዋ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ፦
«እንዳትሰኪው እህቴ! ፈንድቶ ቤቱ ይነድዳል በአንድ አፍታ፤
ያኔ በማን ደሞዝ ሊታደስ ነው?»

አርብ ሮላ ወረድኩ፣ ስልክ ጠጋኙ ሹኩር ዘንድ፤
ሱቁ ቁምሳጥን ታክላለች፣ ጣራዋ ሁሉ ገመድ።
ዓረብኛው እንደኔው ስብርባሪ፣ የጎደለውን በእጁ ሞላ፦

«ቤታችሁ ጣራ ላይ ታንከር አለ፤ ሺህ ሊትር ይይዛል አይደል?
ቧንቧ ከፍተሽ ስትጠጪ ሺው ሁሉ ይወርድብሻል?
የሚከፍተው ጠጪው ነው። ቻርጀሩ መጀመሪያ ያቀምሳል፣
‹ስንት ልስጥ?› ይላል። ታብሌቱ ልኩን ይነግረዋል።
ካልነገሩት አይጨምርም፤ አምስት ቮልት ላይ ቆሞ ይጠብቃል።
ብቻ ጡቡ ስመ ጥሩ ይሁን፤ ገመዱንም ደህና አርገሽ እይ፤
ትራስ ሥር እንዳትከቺው። እጅ ካቃጠለ፣ ንቀይ።»
አምስት ድርሃም ዘረጋሁ። «ሩሂ፣ ሩሂ» ብሎ ሳቀ።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አሰብኩት፦
ይሄማ የስፌት ሕግ ነው፣ እኔ የማውቀው፤
ደረቷን፣ ወገቧን፣ ትከሻዋን ሳይጠይቅ
መቀስ የሚያነሳ፣ ጨርቅ ገዳይ ነው።
ሙሉ ጣቃ የተሸከመ ነጋዴ እንኳ
ሦስት ሜትር ላለችው ሦስት ሜትር ነው የሚቆርጠው።

ሌሊት ሁሉም ሲያንኮራፋ ሰካሁት።
ትንሿ መብረቅ ብልጭ አለች።
መዳፌን ጀርባው ላይ አሳርፌ ቁጭ አልኩ፣
ትኩሳት ያለበት ልጅ እንደሚያስታምም ሰው፤
ለብ አለ እንጂ አልፈላም።
ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ የመጣው ጡብ
በቀስታ፣ የተባለውን ብቻ ሰጠው።

እና ትንሽ ቀናሁ።
በዕቃ። ያውም በተሰነጠቀ ዕቃ።
አራት ዓመት በዚህ ቤት፣ አስራ አንድ ክፍል ባለው፣
«ስንት ትችያለሽ?» ያለኝ የለም።
እውነት ለመናገር እኔም አልነገርኩም፤
ምንጣፍ ሲሉኝ «ሓዲር»፣ መስኮት ሲሉኝ «ሓዲር»፤
ጉልበቴ ሲግል ማን መዳፉን ያሳርፍበት?

ከሱብሒ በፊት ገመዱን እንደነበር ጠቅልዬ
ባንኮኒው ላይ መለስኩት።

ረፋድ ላይ ማዳም ጠራችኝ፦
«እህቴ ቤት እንግዳ አለ፤ አርብ እዚያ ታጸጃለሽ።»
አፌ «ሓ...» ብሎ ጀመረ።
ከዚያ ቆመ። ምን እንዳቆመው እንጃ።
«አርብ አይሆንልኝም፤ ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን» አልኩ፤
ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።
አየችኝ። የሻይ ማንኪያዋ ሦስት ዙር ዞረ።
«ጠይብ። ቅዳሜ።»

ማታ ዘሃራ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ
«እህ፣ ፈነዳ?» አለች።
«አልፈነዳም» አልኳት፤
የቱ እንደሆነ አልነገርኳት።