የጅብ ጥላ

የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ገብቶ፣
ወንድሜ ጥላዬ ብርድ ልብስ ሠርቶ ሠርቶ፣
ሲመሽ በአረቄ ነው የሚሞቀው ገላው፤
ስንቱን ሰው አልብሶ እሱን ብርድ በላው።
ከፋብሪካው ወጣ፣ እጁ ክር አልይዝ ሲል፣
ሰው ሁሉ ጠላኝ ሲል ጠላ ቤት ሲውል።

ስሙን "ጥላዬ" ያለችው እናቴ
አረቄ ታወጣ ነበር፤ ከመቃው ጫፍ ጠብ ያለው
ደብተሬ ነው፣ እራቴ።
ማንን ልውቀስ አሁን? ያው ጠብታ እኮ ነው
እኔን ያስተማረው፣ እሱን ያሰከረው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው። ዶክተር ምንታምር
ወንበሯን አስጠጋች፣ እንደ ምስጢር ነገር፦
"ባሕር ማዶ" አለች፣ "ይሞክራሉ አሉ፣
ከእንጉዳይ በወጣ፣ መጠጥ ላሸነፈው።
ገና ጥናት ላይ ነው። የተሻላቸው አሉ፣
ያልሆነላቸውም። እኛ ጋ ግን የለም።"

ወንድሜ ሳቀ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።
"እንጉዳይ? እሱማ በበሬሳ ዳር ዳር
ነሐሴ ሲገባ፣ እበቱ ላይ ሞልቶ!
የጅብ ጥላ እያልን በእግራችን ስንመታው፤
ለካ መድኃኒቴን ስረግጥ ነው ያደግኩት?"

"እንዳትነካ!" አለች። "የሜዳው ይገድላል።
የእነሱ በመለኪያ ነው።"

"የእኔም በመለኪያ ነው" አላት።

ትንሽ ዝም አለችና፦
"ደግሞ ለብቻው አይተዉትም።
ዓይኑን በጨርቅ ጋርደው፣
ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይቀመጣል፣
ከጠዋት እስከ ማታ።
የሚያየውን ያያል። ቢያለቅስም ያለቅሳል።
ጥለውት አይሄዱም።"

ሳቁን ያኔ ተወ።
"መድኃኒቱ ይቆይ፣ ባሕሩን እስኪሻገር፤
ሁለቱ ሰዎችስ?
እነሱም በመርከብ ነው የሚመጡት?"

አልጋ ቁጥር ሰባት።
እህቴ ይፍቱሥራ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ።
መጠጡ ከደሙ ሲወጣ ያያል ወንድሜ፦
ግድግዳው ላይ ጉንዳን፣
ጉንዳኑ ክር ሲጎትት፣
ክሩ ሲሸመን ያለ ሰው፣ ያለ መብራት፤
እናታችን በመቃው ውስጥ ስትወርድ፣
ጠብ፣
ጠብ፣
"ጥላዬ" ስትለው፣
"ጠላ" ትበል "ጥላ" አልለይ እያለው።
ነርሷ መርፌ ይዛ መጣች፣ ሄደች፣ መጣች።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ማነህ?" አለኝ።
ስሜን ነገርኩት።
አላመነኝም።
እጄን ግን አልለቀቀም።

ዛሬ ነሐሴ አሥራ ሁለት፤ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ።
ድኗል አልልም።
ትናንት አረቄ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ፣
ሰው እንደሚጠብቅ፣ የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር።

ከክትትል ስንመለስ በበሬሳ ዳር ነው።
ዝናብ ነበር። ከእበቱ ላይ አንዲት ነጭ፣
ቀጭን፣ አንገቷን ያቀረቀረች።
ጎንበስ አለ ወንድሜ።
ልቤ ቀጥ አለ።

አልነካትም።
"ምን ታክላለች!" አለ፣ "ለጅብ እንዴት ትበቃዋለች?"

ያለን ጥላ አንድ ነበር፣ ዘንጉ የጎበጠ።
ይፍቱሥራ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ፤
የውጪ ትከሻችን እየበሰበሰ።