በሁለት መስታወት መሃል

ዚንትራ ከውስጥ ወለወለች፣ ወጥታም ከውጭ ደገመች፤
ጉሙ ንቅንቅ አላለም፣ ጨርቋን ጨምቃ ቆመች።
ከሁለቱ መስታወት መሃል፣ እጅ ከማይደርስበት፣
ላብ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ጠራጊ የሌለበት።

ኢልማርስ ነው በገዛ እጁ አሽጎ የገጠመው፤
«የሊየፓያ ነፋስ ቢያብድ፣ ሻማሽን አይነካው»
ብሏት ነበር።
አልዋሸም። ሃያ ክረምት ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ነደደ።
ማን ልብ አለ፣ የቱ ሌሊት ጎማው እንደ ተሰነጠቀ፣
መሃል የታሸገው ጋዝ
ደህና ሁኚ ሳይል፣ ትንፋሽ በትንፋሽ እንደ ሄደ?

እሷም አላወቀችም።
ወንበሯን አንድ ስንዝር ሳበች። በዓመቱ ሌላ ስንዝር።
ካልሲ ላይ ካልሲ ደረበች፤
የማሞቂያው ሂሳብ ሲንር መንግሥትን ረገመች።

ዛሬ ራይቪስ መጣ፣ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ፤
«እማማ፣ ይሄ ከሞተ ቆይቷል» አለ፣ ድምፁን ቀነሰ።

ዝም አለችው።
ከጉሙ ጥግ፣ መስታወቱ ጥርት ባለበት ዘመን ያልታየ
የአውራ ጣት አሻራ ወጥቷል፣
ከወዲህም ከወዲያም የማይነካ።

«ሌሎቹን» አለችው «ሌሎቹን ለካ።
ይሄን... እስቲ በረዶው ይለፍ።»