ማኒች በነሐሴ

ሁለት ባሕር በጥንት አንድ አልጋ ነበራቸው፤
ተኳርፈው ተለያዩ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ሆነ ማደሪያቸው።
ምንጣፋቸው ቀረ፦ ነጭ ጨው፣ ረባዳ፣
ነፋስ በነካው ቁጥር የሚያላዝን ሜዳ።

ኢንጂነር ኤራስት ሉኪች፣ መነጽሩን ወልውሎ፣
እኔ ባለ መለኪያው ዱላ፣ ጭቃው ጫማዬን ስቦ ጥሎ፤
«ድንበሩ ይኸ ነው» አለ፣ «ከዚህ ወዲህ አውሮፓ፣
ከዚያ ማዶ እስያ።»

ኬርሜን ከበጎቿ መሐል፣ በትሯን ተደግፋ፣
ሰማችው እንደ ገበያ ወሬ፣ ሳቋን በሻሿ አፍና።
«እህቴ ቡልጉን ማዶ ናት። እስያ ገባች በለኛ!
ለካስ ለዚህ ነው ሻይዋ ጨው የሚበዛው ከኛ።»

«ሌላው ሊቅ ደግሞ ወሰኑን ተራራ ላይ ነው የሚያደርገው»
አላት፣ አፈር ብሎ፣ ካርታውን እያጠፈው።
«ይከራከሩ» አለች፣ «እነሱ እስኪስማሙ
በጎቼ ከሁለቱም ዳር አሪቲ ይቀማሉ።»

ድንበርስ ታውቃለች ኬርሜን። በስድስት ዓመቷ
በከብት ባቡር ተጭና፣ ከነእህት ከነእናቷ፣
በበሩ ስንጥቅ አይታዋለች፦ በረዶ፣ በረዶ፣ ዛፍ፣
በየጣቢያው የሚወርድ ሬሳ፣ ስሙ የማይጻፍ።
ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ይዘው የተመለሱት
አንድ የመዳብ ጭልፋ ነው። እናት እዚያው ቀረች።

ለማን ይሁን? ተጣሉ። ታረቁ። ደግመው ተጣሉ።
ኋላ ደነገጉ፦ በየነሐሴው፣ ሐይቁ ሲደርቅ፣
አንዷ ከሰሜን አንዷ ከደቡብ፣ በጨው ላይ በእግር፣
መሐል ተገናኝተው ጭልፋው እጅ እንዲቀያየር።
ለራስህ ስትል ጣፍጥ የተባለው ጨው
ከጫማቸው ሥር ሲሰበር
እንደ ብርጭቆ ነው፣ ከሩቅ ይሰማል።

በዚያ ዓመት ተራው የኬርሜን ነበር። ቀድማ ደረሰች።
ረፋዱ አለፈ። ቀትር ሆነ።
ከደቡብ አንዲት ነጥብ እንኳ አልታየችም።
ከዚያ አቧራ። ሞተር ብስክሌት።
የቡልጉን የልጅ ልጅ፣ ኤርድኒ፣
በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ።
ምንም አላለም። እሷም አልጠየቀችም።
የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አድርጋ መልሳ ሸፈነችው፤
«ዘንድሮ የኔ ተራ አይደለም፣ ተሳስታችኋል» አለችው።
«ውሰደው። እሷ ዘንድ ይክረም።»

ወደ ደቡብ የጎማ ዱካ ቀረ፣
ወደ ሰሜን የአንዲት ሴት እግር፣
በመካከላቸው እኔ።

«ዱላውን ቀና አድርግ!» ጮኸ ኢንጂነሩ ከሩቅ።
ዘንብሎ ኖሯል፤
አላወቅሁም።