አሥራ ስምንተኛው ሌሊት

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሆጤ በጉም ሲዋጥ፣
እንደ ልማዱ ነው፣ መብራቱ ሲቋረጥ፤
እኔን ያስደነገጠኝ ጨለማው አይደለም፣
ጨለማን ደሴ ላይ የማያውቀው የለም።
ዝምታው ነው እንጂ። ያቺ ትንሽ ማራገቢያ
አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ሳታውቅ ማረፊያ
ስታንሾካሹክ ከርማ፣ ጸጥ አለች ባንድ አፍታ።
መቶ አርባ እንቁላል አለ ሣጥኑ ውስጥ፣ በዚያች ማታ።

ሣጥኑን ስገዛው ከማኅበር ተበድሬ፣
«እንጨት ይፈለፍላል?» ብሎ ስቋል መንደሬ፤
በተለይ ይመር፣ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣
ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዶሮ ጋር ተዋልዶ።
እሱ ነበር የሚያውቀው። ላንኳኳ ተነሣሁ።
በሩ ድረስ ሄጄ እጄን አነሣሁ፣
መልሼ አወረድኩት።
ሳቁ ትዝ አለኝ።

የሚያውቅሽ ሰው ሲመልስ መልሱን ብቻ አይሰጥም፤
«ብዬሽ ነበር» የምትል ምራቂ አትቀርም።

ስልኬን ከፈትኩ። ባትሪው አሥራ አንድ ፐርሰንት።
ፊታቸውን ወደማላውቀው፣ ፊቴን ወደማያውቁት፣
«መብራት ሄዷል። እንቁላል ማሽን ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?»
ስሜንም አልጻፍኩ፣ አገሬንም። ብቻ፦ እባካችሁ፣ አንድ ደግ።

አንዱ «ጥበሻቸው» አለ፣ ከነሳቁ ምስል፤
ሌላው ብቅ አለ ጄኔሬተር ልሽጥልሽ ሲል፤
አንዷ ጸሎት ላከች፤ አንዱ ስልክ ቁጥሬን ለመነኝ፤
እዚህም መንደር አለ ለካ! ብዬ ልዘጋው ሲለኝ፣
«ስንተኛ ቀናቸው?» አለ አንድ ሰው።
ስሙ ስም አይደለም፤ «ጠብታ 7» ነው።
መልስ ከሚወረውሩት መካከል በዚያ ሌሊት
መልሶ የጠየቀኝ እሱን ብቻ አገኘሁት።

«አሥራ ስምንት» አልኩ።
«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አታገላብጪ።
ውሃ አፍልተሽ፣ በጀሪካን፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪ፤
ከላይ ብርድ ልብስ። ከዚያ ልየው ብለሽ ሙቀቱን አታስወጪ።
ውስጥ ያለው ጫጩት ከምናስበው በላይ ብርድ ይችላል።
ውሃው ሲበርድ ብቻ ቀይሪ። ይነጋል።
አብሽሪ።»

አብሽሪ!
ይህን ቃል ያለኛ አገር ሰው እንዲህ አይጥለውም፤
ስሙን የደበቀ ሰው አፉን አልደበቀውም።
ከሐይቅ ይሁን ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ ይሁን ከመርሳ፣
ወይ ከዚሁ ከጉሙ ውስጥ፣ ከጦሳ።

ባትሪው ሁለት ሲል «ያኑርህ» ብዬ ጻፍኩ፤
ሳልልከው ጠፋ። በጥቁሩ መስታወት ፊቴን አየሁ፣ አፈርኩ።

ድስት ከከሰል፣ ጀሪካን ከድስት ስመላለስ፣
የራሴን ብርድ ልብስ ገፍፌ ሣጥኑን ሳለብስ፣
የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ አጥንት ድረስ የሚደርስ፣
ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ ሳዳምጥ፣
ከቧንቧ ውሃ በኩል አዛን ተሰማ። ከሣጥኑ ውስጥ
ምንም።

ረፋዱ ላይ መብራት መጣ። ስልኩን ግን አልነካሁም፤
ሞተውብኝ ቢሆንስ? ለዚያ ሰው ያንን ልነግረው አልፈለግሁም።

በሦስተኛው ቀን፣
ከመቶ አርባው ሰማንያ ስድስት። የቀሩትን ቀበርኩ ከጓሮ።
ይመር በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰግጎ፣ «የሣጥን ዶሮ!»
አለና ሳቀ። ይኸኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር፤
ማታ የተከካ በቆሎ በጣሳ አሻገረልኝ፣ በአጥር።

ያኔ ስልኬን ከፈትኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፦ «እንዴት ናቸው?»
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፦ «ሞቀላቸው?»
ከማለዳው፦ «ዝም አልሽ። ጥፋቱ የኔ ከሆነ አፉ በይኝ።»

ለካ አንድ የማላውቀው ሰው
አይቷቸው የማያውቃቸውን እንቁላሎች
ሌሊቱን ታቅፎ አድሯል።

«ሰማንያ ስድስት» ብዬ ጻፍኩ። አልመለሰም።
ሳምንት ሆነው። ወር አለፈው። አልመለሰም።

አሁን ሰኞ ገበያ ስወርድ፣ በየባጃጁ፣ በየሱቁ፣ ጆሮዬን እጥላለሁ፤
«አብሽሪ» ያለኝን ሁሉ «አንተ ነህ?» ልለው እጃጃላለሁ።
ደሴ ላይ ደግሞ አብሽር የማይል ማን አለ?
ለሁሉም ሰላምታ እሰጣለሁ።